ዕቃችሁን ከባሕር ማዕበል ማዳን፦ ከሻጩ ፋብሪካ እስከ ቃሊቲ

ቃሊቲ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴነር ተከፍቶ ውሃ ሲገኝ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን አረጠበው? መርከቡ? ጂቡቲ ወደብ? የጭነት መኪናው? ወይስ የኛው ክረምት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዘግይቷል። ከማዕበል የሚተርፍ ዕቃ የሚተርፈው ገና ሻጩ ግቢ ውስጥ ሲጫን ነው። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ገላን ወይም ዱከም መጋዘናችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታደርጉት ነገር የለም።

ይህ መመሪያ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን ወይም መለዋወጫ ለሚያስመጡ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በቡራዩ ትንንሽ ወርክሾፖች ውስጥ ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብ አንድ ኮንቴነር ውስጥ ይገባል። ብዙው ሰው ስለ ዋጋው፣ ባንክ ስለሚከፍተው የክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) እና ስለ ቀረጡ አብጠርጥሮ ይጠይቃል። ዕቃው መርከቡ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቀድሞ መጠየቅ ወጪው የአንድ ኢሜይል ያህል ነው።

መጀመሪያ ማዕበሉን እንወቀው

አንድ ኪዩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ባለ 3 ሺህ ሊትር ሮቶ ሞልቶ ከፎቅ ሲወድቅ አስቡት። ኃይለኛ ማዕበል የመርከብ ፊት ላይ ሲያርፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ፍንጣሪው ጨው ያለብሳል፣ ብረት ያዝጋል። ሙሉው ማዕበል ሲወጣ ግን የብረት አጥር ይጣመማል፣ የኮንቴነር ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ማሰሪያ ይበጠሳል።

መርከቡ የራሱ መከላከያ አለው። አፍንጫው ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ከአፍንጫው ኋላ ብዙ ጊዜ የቪ ቅርጽ ያለው ማዕበል ሰባሪ ግድግዳ ይቆማል፤ የወጣውን ውሃ ወደ ግራና ቀኝ ከፍሎ ይመልሰዋል። የላይኛው ወለል፣ ዴክ የሚባለው፣ በጠርዙ ግድግዳ ካለው ከግርጌው የውሃ መውጫ ክፍተቶች ይተውለታል። እነዚህ ክፍተቶች በገመድ ወይም በዕቃ ከተደፈኑ ውሃው ዴኩ ላይ ይቀራል። ያኔ መርከቡ ከላይ ይከብዳል፣ ሚዛኑም ይናጋል። ስለዚህ ጥሩ መርከበኛ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ነው። ከዚያ ማሰሪያዎቹን ያጠብቃል፣ የአየር ማስገቢያዎችንና በሮችን ይዘጋል። ካፒቴኑም ፍጥነት ይቀንሳል ወይም አቅጣጫ ይቀይራል።

ዴኩ ላይ ያሉት ትልልቅ የዕቃ ክፍል አፎች በብረት ክዳን ይዘጋሉ። ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ በ1966 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የጭነት መስመር ስምምነት መሠረት በተጋለጠው ዋና ወለል ላይ ቢያንስ 600 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሊኖረው ይገባል። በክዳኑና በጠርዙ መሀል ጎማ አለ። ጎማው ካረጀ ወይም ከተቀደደ መርከቡ ምንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ውሃ ይገባል።

ትናንሽ ቀዳዳዎችን መናቅ ምን እንደሚያመጣ ደርቢሻየር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1980 የብረት ማዕድን ጭና ከጃፓን ደቡብ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሰጠመች፤ 44 ሰዎች አለቁ። ከ20 ዓመት በኋላ የተጠናቀቀው ምርመራ ነገሩ ከፊት ካሉ የአየር ቱቦዎች እንደጀመረ ደመደመ። ቱቦዎቹ በማዕበል ተሰበሩ፣ ውሃ ቀስ በቀስ ገባ፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ዝቅ ባለው አፍንጫ ላይ የወጣው ማዕበል ደግሞ የፊተኛውን የዕቃ ክፍል ክዳን ሰበረ።

የኮንቴነር መርከብም ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ወን አፐስ የተባለው መርከብ ፓሲፊክ ላይ ክፉኛ ተንገላቶ 1,816 ኮንቴነሮች ወደ ባሕር ወድቀውበታል። ሁሉም ዴክ ላይ የነበሩ ናቸው።

መቼ ይጫን?

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከቻይና፣ ከህንድ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ጂቡቲ ለመድረስ የዓረብ ባሕርን ያቋርጣል። በዚያ ባሕር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ይነፍሳል። ሐምሌ ላይ ይበረታል፤ በሶማሊያ ጠረፍና በሶቆጥራ ደሴት ዙሪያ ደግሞ ይብሳል። ማለትም አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ሲገባ እዚያም ባሕሩ ይናወጣል። ዕቃችሁን ባሕር ላይ ማዕበል፣ ቃሊቲ ደግሞ ዝናብ ይቀበለዋል ማለት ነው።

ሌላ ምርጫ ካላችሁ ውሃ የማይወድ ዕቃ ከጥቅምት በኋላ እንዲጫን አድርጉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን በአብዛኛው ለዘብ ያለ ነው። ምርጫ ከሌላችሁም ችግር የለም፤ ከታች ያሉትን ነገሮች ጠበቅ አድርጉ እንጂ።

ከአውሮፓ በስዊዝ በኩል የሚመጣ ዕቃ ጂቡቲ የሚደርሰው በቀይ ባሕር ነው፤ የዓረብ ባሕርን አያይም። ይሁንና ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞረዋል። እዚያ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የክረምት ማዕበል ነው። ስለዚህ "በየት ነው የሚያልፈው? የት ወደብ ላይ ነው መርከብ የሚቀይረው?" ብላችሁ ትራንዚተራችሁን፣ ማለትም የጭነትና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚያችሁን፣ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የት ይቀመጥ?

ኮንቴነር መርከብ ላይ ወይ ከዴክ በታች በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ወይ ዴኩ ላይ ተደራርቦ ይጫናል። ሆድ ውስጥ ያለው ማዕበል አያገኘውም። ዴክ ላይ ካሉት ክፉው ቦታ የፊተኛው ረድፍ ነው፤ ሙሉውን ማዕበል በደረቱ ይቀበላል። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ጠርዝ ያሉት ናቸው። ከላይ የተደረደሩት ደግሞ ውሃው ቢቀርላቸውም መርከቡ ሲወዛወዝ በጣም ይንገላታሉ።

ለተዘጋ ተራ ኮንቴነር ቦታውን የሚወስነው የመርከቡ ጭነት አቃጅ ነው። በቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ስለ መረከቡ በሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ጀርባ ላይ ድርጅቱ ኮንቴነሩን ዴክ ላይ የመጫን መብት እንዳለው ብዙ ጊዜ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ያም ሆኖ ቡኪንግ ሲደረግ፣ ማለትም መርከቡ ላይ ቦታ ሲያዝ፣ "ከዴክ በታች ይሁንልን" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ዋስትና የለውም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሰማሉ። አደገኛ ተብሎ የተመደበ ዕቃ፣ ለምሳሌ አንዳንድ ኬሚካልና ባትሪ፣ በደንቡ ምክንያት ዴክ ላይ ሊገደድ ይችላል። ያንን በማሸጊያ ማካካስ ነው።

ጎንና ጣሪያ በሌለው ፍላት ራክ ወይም በሸራ በተሸፈነ ኮንቴነር የሚመጣ ማሽን ሲሆን ግን አትለማመጡ፤ ጠንከር ብላችሁ ጠይቁ። ከዴክ በታች መሆኑ በቡኪንጉ ማረጋገጫ ላይ ይጻፍ። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ "ዴክ ላይ፣ በላኪው ኃላፊነት" የሚል ቃል ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስለ ባሕር ጭነት በወጣው ዓለም አቀፍ የ1924ቱ የሄግ ደንብ ዴክ ላይ እንደሚጫን በሰነዱ የተገለጸና በእርግጥም ዴክ ላይ የተጫነ ዕቃ ከደንቡ ጥበቃ ውጭ ነው። ማዕበል ቢወስደው መርከቡን መክሰስ ከባድ ይሆንባችኋል።

ኮንቴነሩን መፈተሽ

ይህን የሚሠራው ሻጩ ወይም እናንተ የቀጠራችሁት ተቆጣጣሪ ነው። ፎቶና ቪዲዮ እንዲልክላችሁ ከክፍያው በፊት ተስማሙ።

ፈተናው ቀላል ነው። ባዶው ኮንቴነር ጠራራ ፀሐይ ላይ ይቁም። አንድ ሰው ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ከውጭ በሩን ይዝጋ። ውጭ ያለው ሰው ለአንድ አፍታም ከበሩ አይራቅ። ውስጥ ያለው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቁም። ከዚያ ቀስ ብሎ ይይ። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ በተለይ አራቱን ማዕዘኖች፤ ክሬኑ የሚያነሳበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር። በመጨረሻ የበሩን ጎማ ዙሪያውን። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ከታየች ኮንቴነሩ ይቀየር። "በስቲከር እንለጥፈዋለን" የሚል ሻጭ ይኖራል፤ አትስሙት። ማዕበል የሚመታው ኮንቴነር ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ አይቆይም። በጎን ግድግዳ ከላይ የሚታዩት ትንንሽ የአየር መተንፈሻዎች ግን ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። ውሃ እንዳያስገቡ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ያልተሰበረ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

የእንጨት ወለሉንም እዩ። እርጥብ ወለል ባሕሩ ሳይነካው ዕቃ ያበላሻል። በእርጥበት መለኪያ ሲለካ ከ18 በመቶ በላይ ከሆነ ይድረቅ ወይም ይቀየር። መለኪያ ከሌለ ደረቅ ካርቶን አንጥፎ ከባድ ነገር ጭኖበት ማሳደር ነው። ጠዋት ካርቶኑ ከረጠበ ነገሩ ግልጽ ነው።

ማሸግና ማሰር

ከማዕበል የሚመጣ ጉዳት ሁሉ ውሃ አይደለም። ኮንቴነሩ ጠብታ ሳያስገባ ውስጡ ያለው ማሽን ሊደቅ ይችላል። ስለ ጭነት አስተሻሸግ የወጣው የ2014 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መመሪያ በክፍት ውቅያኖስ ላይ ዕቃ ወደ ጎን የሚገፋበትን ኃይል የክብደቱን 80 በመቶ አድርጎ ያስላል። 5 ቶን የሚመዝን ማሽን ወደ ጎን በ4 ቶን ኃይል ይጎተታል ማለት ነው፤ ለዚያውም አንዴ ሳይሆን ቀንና ሌሊት ሲመላለስ። በሚስማር የተመታ ሁለት ቁራጭ እንጨት ይህን አይችልም። ማሽኑ ከወለሉ ቀለበቶች ጋር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር። ግራና ቀኙም በወፍራም እንጨት ይደገፍ። ካርቶኖች መሀል ባዶ ቦታ ከቀረ በአየር ከረጢት ይሞላ።

ውሃን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የተላጉ፣ ቀለም የሌላቸው የብረት ክፍሎች ፀረ ዝገት ዘይት ወይም ግሪስ ይቀቡ። ከዚያ ማሽኑ እርጥበት በማያሳልፍ የአሉሚኒየም ሽፋን ከረጢት ይታሸግ። ከረጢቱ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ይግባና አየሩ ተስቦ ይዘጋ። ከላይ ሳጥን ወይም ፕላስቲክ ይምጣ። ዕቃው ሁሉ ፓሌት ላይ ይቀመጥ፤ ወለሉን አይንካ። ጥቂት ሊትር ውሃ ቢገባ እንኳ ከታች ይሄዳል እንጂ ካርቶኑን አይነካም። ፓሌቱና የሳጥኑ እንጨት ደግሞ የተባይ ማከሚያ ማህተም ይኑረው።

ኮንቴነሩ ግድግዳ ላይ የካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሰቀሉ። ይህ ከባሕር ይልቅ ለእኛ መንገድ ያስፈልጋል። ጂቡቲ ላይ በሙቀትና በወበቅ ውስጥ የቆየ ኮንቴነር በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ ደጋ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። ሌሊት ሲበርድ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ጣሪያው ላይ ጤዛ ይሆንና ዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው "መርከቡ አረጠበው" የሚለው አንዳንዴ ይሄው የጣሪያ ላብ ነው።

በከረጢት ወይም በልቅ የሚመጣ ስንዴና ማዳበሪያ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሁሉም ነገር የዕቃ ክፍሉ ክዳን ላይ ነው። ከመጫኑ በፊት ክዳኑ በአልትራሳውንድ ወይም በውሃ ቱቦ ተፈትሾ የምርመራ ወረቀቱ ይሰጣችሁ። አልትራሳውንዱ ይሻላል፤ ደረቅ ነው፣ ጎማው የላላበትን ነጥብም ለይቶ ያሳያል።

ኢንሹራንሱን አንብቡት

ማዕበል ከመታ በኋላ ፖሊሲ መመርመር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ በተለምዶ ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉ ሦስት ዓይነት ውሎች ይሸጣል። ሲ ርካሹ ነው። የመርከብ መስጠም፣ እሳትና ግጭት የመሳሰሉትን ይሸፍናል። የባሕር ውሃ ኮንቴነሩ ውስጥ ቢገባ ወይም ማዕበል ዕቃውን ከዴክ ጠርጎ ቢወስደው ግን አይሸፍንም። እነዚህ ሁለቱ የሚጀምሩት ከቢ ነው። ኤ በግልጽ ከተከለከሉት በስተቀር ሁሉንም ይይዛል።

ሲአይኤፍ (ኢንሹራንሱና የመርከብ ኪራዩ ዋጋው ውስጥ የተካተተ) ብላችሁ ገዝታችሁ ኢንሹራንሱን ሻጩ ከገባ፣ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በስተቀር ግዴታው ሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉን ራሳችሁ እዚህ ግዙ፣ ወይም ኤ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ዕቃው ዴክ ላይ እንደሚጫን ካወቃችሁም ለኢንሹራንሱ ቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ኤ እንኳ ቢሆን በደካማ አስተሻሸግ የመጣን ጉዳት አይከፍልም። ከላይ ስለ ማሰርና ስለ ማሸግ የተባለው ሁሉ እዚህ ጋ ገንዘብ ይሆናል፤ ፎቶዎቹም ማስረጃ።

ቃሊቲ ላይ በሩ ሲከፈት

ሞጆም ቢሆን፣ ቃሊቲም ቢሆን፣ ግቢያችሁም ቢሆን አሠራሩ አንድ ነው። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ዞራችሁ ፎቶ አንሱ። በሩ የታሸገበትን ቁልፍ (ሲል) ቁጥር ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ። አዲስ የተጎደጎደ ግድግዳ፣ የተቀደደ የበር ጎማ፣ ነጭ የጨው ዱካ ካለ ቅርብ አድርጋችሁ አንሱት። በሩ ላይ የጭስ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈ ከፍታችሁ ራቁ፤ በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይግባ። የቀን ሠራተኞቹ ለመጨረስ ይቸኩላሉ፤ አስቁሟቸው። የሰው ሕይወት ነው።

እርጥበት ካገኛችሁ ከየት እንደመጣ ቦታው ራሱ ይናገራል። የላይኞቹ ካርቶኖች በነጠብጣብ ከረጠቡና ጣሪያው ውስጡ ጤዛ ካለው፣ የጣሪያ ላብ ነው። የታችኞቹ ከረጠቡና በግድግዳው ላይ አግድም የውሃ መስመር ካለ፣ ውሃ ገብቶ ቆይቷል። ከአንድ ቀዳዳ ሥር እንደ ጅራት የወረደ ዱካ ካለ፣ ወይ ማዕበል ወይ ዝናብ ነው። ሁለቱን የሚለየው ጨው ነው።

ለዚህ የዘርፉ ባለሙያዎች ሲልቨር ናይትሬት ይጠቀማሉ። ጥጥ በተጣራ የባትሪ ውሃ ይረጥባል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ይታሻል፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ይደረግበታል። ጨው ካለ ጠብታው ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ በራሱ ስለሚያነጣው ያሳስታል። በአንድ እርጥብ ቦታና ሩቅ ባለ ደረቅ ካርቶን ላይም ሞክሩ፤ ሁለቱም ከነጡ ውጤቱ ምንም አይነግራችሁም። መድኃኒቱ ቆዳ ያጠቁራልና ጓንት ይደረግ። ለኢንሹራንስ የሚቀርበው ግን ባለሙያው የሠራው ፈተና ነው፤ ስለዚህ ዕቃውን ሳታወርዱ ጥሩት።

ጊዜው አጭር ነው። በሄግ ደንብ ከውጭ የማይታይ ጉዳት በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተነገረ ዕቃው በደህና እንደደረሰ ይገመታል። በግልጽ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ስትረከቡ ነው። ክስ የሚቀርበውም በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ደብዳቤው ረዥም መሆን የለበትም። የኮንቴነር ቁጥር፣ የቢል ኦፍ ሎዲንግ ቁጥር፣ የታየው ጉዳትና "መብታችንን እንጠብቃለን" የሚል ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለመርከብ ድርጅቱም ለኢንሹራንሱም ይሂድ። የተረከበ ሰው እንዲፈርምና ማህተም እንዲያደርግ አድርጉ። መረከቢያ ወረቀቱ ላይ "በደህና ተረክበናል" ብሎ መፈረም ግን የለም፤ ጉዳቱ እዚያው ይጻፍ።

ከዚያ የቀረውን ዕቃ ማዳን የእናንተ ግዴታ ነው፤ ኢንሹራንሱም ይህን ይጠብቃል። ደረቁ ከእርጥቡ ይለይ። እርጥቡ ካርቶን ይቀደድና ዕቃው ይናፈስ። ባለሙያው ካየና ፎቶ ከተነሳ በኋላ ጨው የነካው ብረት በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠብ። ጨው በጨርቅ ብቻ ከተወለወለ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል፣ ዝገቱም ይቀጥላል። ሲደርቅ ወዲያው ዘይት ይቀባ። ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ያለው ማሽን ከሆነ፣ ውጪው የደረቀ ቢመስልም፣ ኤሌክትሪሻን ሽፋኑን ፈትቶ ውስጡን ሳያይና መጠምጠሚያውን በሜገር (የኤሌክትሪክ መከለያ መለኪያ) ሳይለካ መብራት እንዳታገናኙ።